በአመዳይ ተራራ ላይ መንገድ መሪ

በዚህ ሳምንት ዓምዳችን ስለ በረዶ ልናወራ ነው። ይህን ጽሑፍ የምናሰናዳው በጁባ ከተማ፣ በንያኩሮን ሰፈር፣ ከባሕር ወለል 550 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ባለ፣ ከምድር ወገብም 5 ዲግሪ እንኳ በማይርቅ ቦታ መሆኑን የሚያውቅ አንባቢ «እነዚህ ሰዎች ሙቀቱ አናታቸው ላይ ወጣ» ሳይለን አይቀርም። እውነት ነው፤ በመጋቢት 2016 ዓ.ም.፣ እንደገናም በየካቲት 2017 ዓ.ም. የደቡብ ሱዳን ትምህርት ቤቶች በሙቀት ብርታት ምክንያት ተዘግተው ነበር። ግን ሰው በሐሩር ጊዜ ስለ ብርድ ማውራት ይወዳል። ደግሞም የምናነሣው ጉዳይ ወታደርን በቀጥታ የሚመለከት ነው፤ ይኸውም በጃፓን አገር፣ በአመዳይ በተሸፈነ ተራራ ላይ፣ በመንገድ መሪ ታጅቦ በስኪ ስለሚዋልበት አንድ ቀን ነው።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። አማርኛችን ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፣ እንደ ጥጥ ብናኝ የሚረግፈውንም፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረጋውንም በጅምላ «በረዶ» ይለዋል። «አመዳይ» የሚል ጥሩ ቃል አለን፤ ደገኛ ሌሊት ሣሩን የሚያለብሰውን ነጭ ውርጭ ይጠራበታል፤ ከሰማይ ለሚረግፈው ለስላሳ በረዶም ይሆናል። እኛም በዚህ ጽሑፍ የጥጥ ብናኝ የሚመስለውን አመዳይ ብለን እንጠራዋለን። ልጇ «አመዳይ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቃት እናት የማቀዝቀዣዋን በር ከፍታ በውስጠኛው ግድግዳ ላይ የተጋገረውን ነጭ ነገር በማንኪያ ፍቃ ታሳየው። ያ ነገር ውሃ ረግቶ የተሠራ አይደለም፤ በአየር ውስጥ ያለው እንፋሎት ውሃ ሳይሆን በቀጥታ ወደ በረዶ ተለውጦ የተለጠፈ ነው። አመዳይም በደመና ውስጥ የሚያድገው በዚሁ ዓይነት ነው። ይህ ሁሉ እንግዲህ የጄኔሬተሩ ነዳጅ ካላለቀ ነው።

የእኛ ሠራዊት ከአመዳይ ጋር የተዋወቀው ዛሬ አይደለም። በአዱሊስ ወደብ ቆሞ በነበረ የድንጋይ ዙፋን ላይ አንድ የአክሱም ንጉሥ ዘመቻዎቹን በግሪክ ቋንቋ አስቀርጾ ነበር፤ ዙፋኑ ዛሬ የለም፤ ጽሑፉን ግን በ6ኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የተባለ ነጋዴ ገልብጦት ስለ ነበር ደርሶናል። በዚያ ጽሑፍ ንጉሡ ወንዝ ተሻግሮ በሰሜን ተራሮች ላይ የሚኖሩትን ሕዝቦች እንደ ወጋ፣ አገሩም ለመውጣት የሚያስቸግር፣ አመዳይና ውርጭ የማይለየው፣ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት እንደ ሆነ ይናገራል። ዛሬ በሰሜን ተራሮች እስከ ጉልበት የሚያሰጥም አመዳይ አይገኝም፤ የራስ ዳሽን ራስ አልፎ አልፎ ነጭ ሲለብስ ነው የሚታየው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአገሩ ተነሥቶ በዚያው ወር መጨረሻ ፑሳን ወደብ የደረሰው የክብር ዘበኛ የቃኘው ሻለቃ በኮርያ ተራሮች ላይ ክረምቱን በምሽግ አሳልፏል። አመዳይ ዐይቶ የማያውቅ ወታደር ያን ብርድ ተቋቁሞ፣ በጦርነቱ ዘመን አንድም ምርኮኛ ሳይሰጥ ተመልሷል።

ወደ ጃፓን እንሻገር። በዋናው ደሴት ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከአኦሞሪ ከተማ በስተደቡብ፣ ሃኮዳ የሚባሉ የተራሮች ጉባኤ አለ። ትልቁ ጫፍ 1,585 ሜትር ነው። ይህን ቁጥር ስናይ እኛ ኢትዮጵያውያን ፈገግ ማለታችን አይቀርም፤ የባሕር ዳር ከተማ ከዚያ ጫፍ 200 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ተቀምጣለችና። ነገር ግን ተራራን በቁመቱ ብቻ የሚለካ ሰው ይሳሳታል። በክረምት ከሳይቤሪያ የሚነሣው ደረቅ ብርዳም ነፋስ የጃፓንን ባሕር ሲያቋርጥ፣ በባሕሩ ውስጥ ከደቡብ የሚመጣ ሞቃት የውሃ ጅረት ስላለ፣ እየተንሳፈፈ እርጥበት ይጠጣል። የእኛ የክረምት ነፋስ ከደቡብ ምዕራብ እርጥበት ተሸክሞ መጥቶ ከደጋው ጋር ሲጋጭ ዝናቡን እንደሚያራግፍ ሁሉ፣ ያም ነፋስ ከሃኮዳ ጋር ሲጋጭ ሸክሙን ያራግፋል፤ የሚያራግፈው ግን አመዳይ ነው። በተራራው ወገብ፣ 900 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ሱካዩ የሚባል ጥንታዊ የፍል ውሃ ማረፊያ አለ፤ ከድሬዳዋ ከተማ ዝቅ ያለ ቦታ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. የካቲት 26 ቀን 2013 በዚያ ቦታ መሬት ላይ የተከመረው አመዳይ 566 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ተለክቷል። አንድ ፎቅ ያለው ቤት ከነጣራው ይቀበርበታል።

በዚህ ተራራ ላይ እ.ኤ.አ. በጥር 1902፣ በእኛ አቆጣጠር በጥር 1894 ዓ.ም.፣ ከዓድዋ ድል ስድስት ዓመት ገደማ በኋላ የደረሰውን ነገር ማንኛውም ወታደር ሊያውቀው ይገባል። ጃፓን ከሩሲያ ጋር ጦርነት እንደማይቀርላት አውቃ ነበር። የሩሲያ መርከቦች የባሕር ዳርቻውን የባቡርና የእግር መንገድ ቢዘጉ ጦሩ በክረምት በተራራው በኩል መሻገር ይችል እንደ ሆነ መፈተን አስፈለገ። ስለዚህ ከሁለት የጦር ሰፈሮች ሁለት ክፍሎች ለልምምድ ወጡ።

የመጀመሪያው ከአኦሞሪ የተነሣው የ5ኛው እግረኛ ሬጅመንት ክፍል ነው፤ 210 ሰዎች ነበሩ። አዛዡ ሻምበል ካናሪ ሲሆን፣ የበላይ አለቃው ሻለቃ ያማጉቺ ደግሞ አብሮ ተጓዘ። ጥር 23 ቀን ማለዳ ወጡ። ሊያድሩ ያሰቡት ታሺሮ በተባለ የፍል ውሃ መንደር ሲሆን፣ ርቀቱ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በደረቅ መንገድ ለእግረኛ ወታደር የአንድ ቀን ጉዞ እንኳ አይሞላም። ስንቁንና ማገዶውን በአመዳይ ላይ በሚጎተቱ ጎማ የለሽ ጋሪዎች ጫኑት። በተራራው ግርጌ ያሉት የታሞጊኖ መንደር ሰዎች «በዚህ ወራት ወደ ላይ አትውጡ፤ ከወጣችሁም መንገድ የሚያውቅ ሰው እንስጣችሁ» አሏቸው ይባላል። ግብዣው ተቀባይነት አላገኘም። ካርታ አለ፤ ኮምፓስ አለ፤ መንገድ መሪ ምን ያደርጋል ተባለ።

ከሰዓት በኋላ የአየሩ ጠባይ ተለወጠ። ጋሪዎቹ በለስላሳው አመዳይ እየሰጠሙ ጦሩን ወደ ኋላ ጎተቱት። ምሽት ሲሆን ታሺሮ ሁለት ኪሎ ሜትር እንኳ የማትሞላ ርቀት ላይ ነበረች፤ ነገር ግን በማዕበሉ ውስጥ ያገኛት ሰው አልነበረም። ጦሩ አመዳዩን ቆፍሮ በጉድጓድ አደረ። ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ቢቆፍሩም አፈር አልተገኘም፤ በአመዳይ ላይ የተቀጣጠለው ከሰል ከሥሩ ያለውን እያቀለጠ ቁልቁል ሰመጠ። ቆሎና ደረቅ እንጀራ ቋጥሮ ለሚዘምተው የእኛ አገር ሰው ይገባዋል፤ የእነርሱ ስንቅ የተቀቀለ ሩዝ ነበር፤ ሩዙ እንደ ድንጋይ ረጋና ጥርስ አልበላው አለ።

ገና ሌሊት ሳለ ወደ ሰፈር እንመለስ ተብሎ ጉዞ ተጀመረ። የመጣው መንገድ ግን ጠፍቷል፤ ነፋሱ ዱካውን ደፍኖታል። በመካከሉ አንድ የበታች ሹም «የታሺሮን መንገድ ዐውቃለሁ» አለ፤ ሻለቃውም ሳያጣራ ተከተለው፤ ሰውየውም ጦሩን ወደ ወንዝ ገደል አወረደው። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ማለዳ መንደርተኛው ዐውቃለሁ ሲል አልተሰማም፤ በማግስቱ የማያውቀው ሰው ዐውቃለሁ ሲል ተሰማ፤ አንደኛው ማዕረግ አልነበረውም፤ ሁለተኛው ነበረው። ጥር 25 ቀን ከዚያ በስተሰሜን በሆካይዶ ደሴት፣ በአሳሂካዋ ከተማ፣ ከዜሮ በታች 41 ዲግሪ ተመዝግቧል፤ በጃፓን እስከ ዛሬ ከተመዘገበው ብርድ ሁሉ የበረታው ይህ ነው። ጦሩ በዚያው የብርድ ማዕበል ውስጥ ለቀናት ተንከራተተ።

ጥር 27 ቀን ፈላጊ ጓድ አንድ ሰው ከነሕይወቱ ቆሞ አገኘ፤ ጎቶ ፉሳኖሱኬ የተባለ አሥር አለቃ ነበር። ገላው በአመዳይ ተቀብሮ፣ ብርዱ አድርቆት፣ ሆኖም ግን ቆሞ ነበር። የሌሎቹን ዕጣ የተናገረ እርሱ ነው። ከ210ሩ 199ኙ ሞቱ፤ ሻምበሉ በተራራው ላይ፣ ሻለቃው ከተገኘ በኋላ በሆስፒታል። የተረፉት 11 ብቻ ሲሆኑ፣ ከእነርሱም የሚበዙት እጅ ወይም እግራቸው ተቆርጧል። እ.ኤ.አ. በ1906 የአሥር አለቃ ጎቶ የነሐስ ሐውልት በዚያው ተራራ ላይ ቆመ፤ ዛሬም ቆሞ ይታያል።

ሁለተኛው ክፍል ከሂሮሳኪ የተነሣው የ31ኛው ሬጅመንት ነው። አዛዡ ሻምበል ፉኩሺማ 37 ወታደሮችና አንድ ጋዜጠኛ ይዞ ጥር 20 ቀን ወጣ። ይህ ሻምበል ብዙ ሰው አልጫነም፤ ከባድ ጋሪ አልጎተተም፤ ሌሊቱን በተቻለ መጠን በመንደሮች አሳደረ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከመንደር መንደር መንገዱን የሚያውቁ ሰዎችን እየጠየቀ አስከተለ። ከ200 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ በ12 ቀን ዞሮ፣ ያን ገዳይ ተራራ ከተቃራኒ አቅጣጫ አቋርጦ፣ አንድም ወታደር ሳይሞትበት ተመለሰ። ሁለቱም ክፍሎች ያገኛቸው ማዕበል አንድ ነው።

ነገሩን እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣ ፊልም ያየው ሰው ይኖር ይሆናል፤ ፊልሙ ግን እ.ኤ.አ. በ1971 ከታተመ ልብ ወለድ የተወሰደ ስለ ሆነ የሰዎቹ ስም ተለውጧል፤ አንዳንድ ነገርም ተጨምሮበታል።

እ.ኤ.አ. በ1911 ቴዎዶር ፎን ሌርች የተባለ የኦስትሮ ሃንጋሪ ሻለቃ በኒጋታ ግዛት፣ በታካዳ የጦር ሰፈር፣ ለጃፓን መኮንኖች የስኪ አጠቃቀም ማስተማር ጀመረ። ያን ጊዜ የሚያዘው ምርኩዝ ዛሬ እንደሚታየው ሁለት አልነበረም፤ አንድ ረጅም ዘንግ ብቻ ነበር። በጃፓን የስኪ ትምህርት ከጦር ሰፈር የተጀመረ ነው ማለት ይቻላል፤ ወደ ሕዝቡ የተዛመተው ከዚያ በኋላ ነው።

ዛሬ ሃኮዳ ላይ መዝናኛ ቆሟል። እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ በብረት ገመድ የሚንጠለጠል ማመላለሻ ሰውን በ10 ደቂቃ ውስጥ 1,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያደርሰዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ግን የተጠረገ ሜዳ አይደለም፤ ደንና ገደል፣ ሸለቆና ጭጋግ ነው። ስለዚህ ወደዚያ የሚሄድ እንግዳ መንገድ መሪ ይዞ ይወጣል። የዚያን ቀን አካሄድ በዝርዝር ብንተርከው ለወታደር አንባቢያችን የሥራ ትምህርት ይሆነዋል።

ጠዋት መንገድ መሪው ሰዎቹን ይሰበስባል። ሌሊቱን ምን ያህል አመዳይ እንደ ወረደ፣ ነፋሱ ከየት እንደ ነፈሰ፣ ዛሬ የትኛው ሸንተረር ክልክል እንደ ሆነ ይነግራቸዋል። ቀጥሎ ዕቃ ይፈትሻል። እያንዳንዱ ሰው ሦስት ነገር ሊኖረው ግድ ነው። አንደኛው ደረት ላይ የሚታጠቁት የእጅ መዳፍ የሚያህል ሬዲዮ ነው፤ ሁልጊዜ ምልክት ይልካል፤ ጓደኛ በናዳ ቢቀበር ደግሞ ወደ መቀበያ ተለውጦ የተቀበረውን ምልክት ያሳድዳል። ሁለተኛው እየተገጣጠመ የሚረዝም ቀጭን ዘንግ ነው፤ አመዳዩን እየወጉ ሰው የተቀበረበትን ጥልቀት ይለኩበታል። ሦስተኛው አካፋ ነው። መንገድ መሪው በአንድ ቦታ ቆሞ ሰዎቹን አንድ በአንድ በፊቱ ያሳልፋቸዋል፤ ሬዲዮው የማይጮህለት ሰው አይሄድም። ዘበኛ በር ላይ መታወቂያ እንደሚያየው ያለ ነገር ነው፤ ጄኔራልም ቢሆን አያልፍም።

ይህ ጥንቃቄ ስለምን አስፈለገ? በናዳ የተቀበረ ሰው በመጀመሪያዎቹ 10 ወይም 15 ደቂቃዎች ውስጥ ከወጣ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል፤ ከዚያ ወዲያ ግን ትንፋሹ እየታፈነ ተስፋው በፍጥነት ይመነምናል። ከከተማ የሚጠራ እርዳታ በ15 ደቂቃ አይደርስም። ስለዚህ የሚያድነው አጠገቡ ያለው ጓደኛው ብቻ ነው። በጦር ሜዳ የቆሰለውን ቀድሞ የሚያገኘው ሐኪሙ ሳይሆን የጎኑ ወታደር እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው ይህ አይደንቀውም።

ወደ ላይ ሲወጣ ከስኪው ሥር ጠጉራም ጨርቅ ይለጠፋል። ጠጉሩ ወደ ኋላ የተኛ ስለ ሆነ ስኪው ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ ወደ ኋላ ግን አይመለስም፤ የበግ ለምድን በእጁ የዳበሰ ሰው ይህ ወዲያው ይገባዋል። ድሮ የባሕር እንስሳ ቆዳ ነበር፤ ዛሬ ከናይለን ወይም ከአንጎራ ፍየል ጠጉር ይሠራል። መንገድ መሪው ከፊት ሆኖ አዲስ አመዳይ እየሰነጠቀ ዱካ ያወጣል፤ ሌሎቹ በዱካው ይከተላሉ። አካሄዱ ዝግ ያለ ነው። ቸኩሎ የሚያልብ ሰው ሲያርፍ ላቡ ይረጋበታል፤ በብርድ አገር ላብ ጠላት ነው። ከሥር የሚለበሰውም ጥጥ መሆን የለበትም፤ የረጠበ ጥጥ ሙቀት አይሰጥም፤ የበግ ጠጉር ግን ረጥቦም ያሞቃል። የእኛ ደገኛ በርኖሱንና ባናውን ከበግ ጠጉር ያደረገው ያለ ነገር አይደለም።

ከፍ ሲሉ ደኑ መልኩን ይለውጣል። ነፋስ የሚያመጣው የደመና ጠል ዛፉን ሲነካው ወዲያው ስለሚረጋ፣ እያንዳንዱ ጥድ ቀስ በቀስ ነጭ ልብስ ለብሶ ቅርጽ አልባ ግዙፍ ፍጥረት ይመስላል፤ ጃፓኖቹ ጁህዮ ይሉታል። ያማረ ነው። ሆኖም በዛፉ ግንድ ዙሪያ ከቅርንጫፎቹ ሥር ባዶ ጉድጓድ ይኖራል፤ በአፍጢሙ የተደፋበት ሰው ብቻውን ሊወጣ አይችልም። ስለዚህ ሁለት ሁለት ሆኖ መተያየት ግዴታ ነው። ጭጋግ ሲወርድ ደግሞ ሰማዩና መሬቱ አንድ ይሆናሉ፤ ዐቀበቱ ከቁልቁለቱ አይለይም፤ ሰው ቆሞ ሳለ የሚንሸራተት ይመስለዋል። የ1902ቱ ጦር የተንከራተተው በዚህ ውስጥ ነው። መንገድ መሪው ኮምፓስና የሳተላይት መሣሪያ አለው፤ ዛሬ ማን የለውም? ነገር ግን ልጅነቱን ያሳለፈበትን የሸንተረሩን ጎን ነፋሱ በየትኛው ጉንጩ ላይ እንደሚመታው በማወቅ ይለየዋል።

ከመውረድ በፊት መንገድ መሪው አመዳዩን ቆፍሮ ግድግዳውን ያያል። አመዳይ እንደ ጤፍ ክምር አንድ ወጥ አይደለም፤ በየማዕበሉ የወረደው አንዱ በሌላው ላይ የተነባበረ ነው። ከመካከሉ አንድ ደካማ ንጣፍ ካለ፣ የላዩ ሁሉ በአንድ ሰው ክብደት ተገምሶ ይወርዳል። ይህ የሚሆነው በተለይ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚያጋድል ተዳፋት ላይ ነው፤ ስኪ ለመንሸራተት ደግሞ የሚያስጎመጀው ይኸው ተዳፋት ነው። ከዚያ በኋላ አንድ በአንድ ይወርዳሉ፤ አንዱ ሲወርድ ሌሎቹ ቆመው ያዩታል፤ ቦታው ሲደርስ እጁን ያነሣል፤ ሁለተኛው ይቀጥላል። አመዳዩ ከሥር ድምፅ የለውም። ያየነው ባይሆንም የተጓዙት ሁሉ የሚናገሩት ስለዚሁ ዝምታ ነው። ማታ ሱካዩ ላይ ትልቅ የእንጨት ገንዳ ውስጥ ገብቶ በድኝ በሚሸት ፍል ውሃ መዘፍዘፍ ነው፤ የአዲስ አበባን ፍል ውሃ የሚወድ ሰው እዚያ ቢሄድ እንግድነት አይሰማውም።

መንገድ መሪ ይዞ የወጣ ሁሉ በደኅና ይገባል ብለን ግን አንዋሽም። እ.ኤ.አ. የካቲት 14 ቀን 2007 በዚያው በሃኮዳ በመንገድ መሪ የሚጓዙ ስኪተኞች በናዳ ተመትተው ሁለት ሰዎች ሞተዋል። መንገድ መሪ ነቢይ አይደለም። ዋጋው ያለው መንገዱን በማሳየቱ ብቻም አይደለም፤ «ዛሬ አይሆንም፤ እንመለስ» በማለቱ ነው። ከሩቅ አገር ገንዘቡን ከፍሎ የመጣውን እንግዳ እንዲህ ማለት ቀላል አይደለም። ለወታደር አዛዥ ደግሞ ይህን ቃል ከአንድ ባላገር አፍ መቀበል ይከብደዋል። እኛ ግን እንዲህ እንላለን፤ ሻምበል ፉኩሺማ ባላገሩን ስለ ጠየቀ ትከሻው ላይ ካለው ማዕረግ የወደቀ ኮከብ የለም።

አበበ ቢቂላ በጃፓን ምድር፣ በቶኪዮ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ እንዳሸነፈ የማያውቅ የለም። ይህ የክብር ዘበኛ ወታደር በአመዳይ ላይም መወዳደሩን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ ከሸፉ በኋላ፣ በ1963 ዓ.ም. ኖርዌይ ውስጥ በተደረገ የአካል ጉዳተኞች ውድድር ላይ በ25 ኪሎ ሜትር የተንሸራታች ጋሪ እሽቅድምድም አሸንፏል። ከእርሱ 35 ዓመት በኋላ ደግሞ አዲስ አበባ የተወለደው ሮቤል ተክለማርያም በየካቲት 1998 ዓ.ም. በቱሪን፣ በየካቲት 2002 ዓ.ም. በቫንኩቨር በተደረጉት የክረምት ኦሊምፒኮች የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ በ15 ኪሎ ሜትር ስኪ ተወዳደረ፤ በክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን የወከለ የመጀመሪያው ሰው ነው። በቱሪን 83ኛ ወጣ። አገር ቤት ሲለማመድ አመዳይ ስላልነበረው ጎማ በተገጠመለት ስኪ በአስፋልት ላይ ነበር የሚሮጠው።

ስኪ የሌለን እኛ መንገድ መሪ አለን። በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ወደተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚሄድ ሰው ደባርቅ ከተማ ከሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይመዘገባል፤ መሣሪያ የታጠቀ ስካውትና መንገድ መሪ ይዞ ይወጣል። እነዚህ ሰዎች ራስ ዳሽንን እኛ የሰፈራችንን ጓሮ በምናውቀው መጠን ያውቁታል፤ ከሰዓት በኋላ ደመና ከየት እንደሚነሣ፣ ጭላዳው ለምን ገደል ለገደል እንደ ሸሸ፣ የትኛው ጅረት ማታ እንደሚሞላ ይናገራሉ። የሚጫሙት ብዙ ጊዜ የፕላስቲክ ጫማ ነው፤ ቦት ጫማ ያጠለቀው እንግዳ ከኋላቸው እያለከለከ ይከተላል። እዚህ ደቡብ ሱዳንም ቢሆን በኢማቶንግ ተራሮች ላይ 3,187 ሜትር የሚደርሰውን የኪንዬቲን ጫፍ ያለ አገሬው ሰው የሚወጣ ሰው ደኑ ውስጥ መንገዱ ይጠፋበታል።

ለቤተሰብ ክፍላችን አንባብያንም አንድ የምንለው አለ። የሚጓዝ ሰው ቤቱ ላይ ሦስት ነገር ጽፎ ይሂድ፤ የት እንደሚሄድ፣ ከማን ጋር እንደሚሄድ፣ በስንት ሰዓት እንደሚመለስ። ሚስት ይህን መጠየቋ ቅናት አይደለም፤ ወንድ ልጅም «ምን አገባሽ» ይበል ዘንድ አይገባውም። የፍለጋው ሰዓት የሚቆጠረው ከዚያ ወረቀት ነው። በ1902 በአኦሞሪ ሰፈር ጦሩ በቀኑ ሳይመለስ ሲቀር፣ የቀሩት አለቆች «በታሺሮ ፍል ውሃ እየተዝናኑ ይሆናል» ብለው ጥቂት እንደ ጠበቁ ይተረካል። ወረቀቱን የያዘች ሚስት እንዲህ ብላ አትጠብቅም።

ስለ መንገድ መሪዎቹ ደግሞ የቀረ ነገር አለ። የሻምበል ፉኩሺማን ጦር በሃኮዳ ላይ ያሻገሩት ሰባት ባላገሮች ነበሩ። ከወታደሮቹ ፊት ሆነው አመዳዩን የሰነጠቁ እነርሱ ናቸው፤ የለበሱት የወታደር ካፖርት አልነበረም። ጉዞው ሲያበቃ ለእያንዳንዳቸው ሁለት የን ተሰጣቸው፤ በተራራው ላይ ያዩትንም ለማንም እንዳይናገሩ ተነገራቸው ይባላል። ወታደሮቹ በደኅና ገቡ፤ መንገድ መሪዎቹ ግን እጅና እግራቸው በብርድ ተመትቶ ወደየቤታቸው ተመለሱ። ለሰባቱ የመታሰቢያ ድንጋይ የቆመላቸው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።